እረኛ ምን አለ?

«መገናኛ ብዙኃን» ሲባል ወዲያው በሐሳባችን የሚመጡት ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ናቸው። ታሪካቸውም ዘወትር የሚተረከው በአንድ መልክ ነው፤ ጉተንበርግ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አተመ፤ በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክና ፖስታ ገቡ፤ «አእምሮ» ጋዜጣ ወጣ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ተከተሉ። ይህ የመሣሪያ ታሪክ እንጂ የመገናኛ ታሪክ አይደለም።

እስቲ ቃሉን እንመርምረው። መገናኘት የሁለት ወገን ሥራ ነው። አንዱ ሲናገር ኖሮ ሌላው ሲሰማ ብቻ ከኖረ ማሰራጨት እንጂ መገናኘት የለም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል ቃል ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። «እረኛ ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የጎጃም ደጋ ለዚህ መውጫ ብዙ በር ነበረው፤ የአዝማሪው ግጥም፣ የአልቃሿ ሙሾ፣ የገበያው ወሬ፣ የቅኔው ወርቅ። ይህን ማለቴ ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። የሚጠይቀው ገዥ ለሕዝቡ አዝኖ ሳይሆን ለወንበሩ ሰግቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መጠየቅ እንዳለበት አልዘነጋም።

ዘመናዊው መንግሥት የወረሰው ነጋሪቱን ብቻ ነው። ለዚህ ከ1960 ዓ.ም. የጎጃም ዓመፅ የበለጠ ምስክር አያሻም። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ አገሪቱ ሬዲዮም፣ «አዲስ ዘመን»ም፣ ቴሌቪዥንም ነበራት። አዋጁን ለማሰማት መሣሪያ አልጠፋም። የጎጃም ገበሬ ግን ግብር ሲባል የሰማው ቀላድን ነው፤ ርስቴ ሊለካ፣ ከዚያም ሊነጠቅ ነው ብሎ ሰጋ። ስጋቱን አስቀድሞ የጠየቀው አልነበረም። ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ገማቾችን አናስገባም ብለው ተነሡ። መልሱ ጦርና የአውሮፕላን ቦምብ ሆነ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ይህን ሁሉ ደም ያስፈሰሰው ጥያቄ በአንድ የገበያ ቀን ተጠይቆ ሊታወቅ ይችል ነበር።

«ያ የንጉሡ ዘመን ነው» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ወደ ራሳችን ወገን እንምጣ። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ግን አብዛኛው አዲስ አበባ ተጽፎ፣ አዲስ አበባ ታትሞ፣ አዲስ አበባ ተሸጠ። ስለ ገበሬው ብዙ ተከራከርን፤ ከገበሬው የሰማነው ጥቂት ነው። መንግሥትን በአንድ ወገን ተናጋሪነት የከሰስን ሰዎች ሌላ ነጋሪት ገዝተን ጎሰምን።

«ዛሬማ ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ሁሉም ይናገራል» የሚል ሌላ ሙግትም አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመዱን ደኅንነት ለማወቅ መንገደኛ የጠበቀ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ከላይ የሚዘጋ በር የሕዝብ በር አይባልም። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ወሬው አይቆምም፤ ማረጋገጫ ያጣው ወሬ እውነት መስሎ ይነግሣል።

መሣሪያው ግን በራሱ ጥፋተኛ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ የጎጃምን ጭሰኛና ባላባት ነገር ሰምቷል። ሬዲዮ የታችኛውን ሰው ኑሮ መሸከም አያቅተውም፤ የሚያሸክመው ካገኘ።

ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ጣቢያ አይደለም። አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ሞጣ ገበያ ወርዶ የሚጠይቅ ዘጋቢ፣ የተነካው ሰው መልስ በዚያው ገጽና በዚያው ሰዓት የሚወጣበት አሠራር፣ እንዲሁም ባለሥልጣን እንደፈለገ የማይቆርጠው መስመር ነው። ይህን ያላሟላ ሁሉ ማሰራጫ ይባል፤ መገናኛ የሚለውን ስም ግን ይመልስልን።