የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ በሥራ ቦታ፦ «በቂ ምክንያት» እስከምን ይደርሳል?

ከአዋሽ እስከ ሠመራ በሚዘልቀው የጅቡቲ መስመር ከባድ ተሽከርካሪዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። አሽከርካሪው ሰክሮ ወይም ደንዝዞ መሪ ከያዘ ጉዳቱ መንገድ ለሚያቋርጠው አርብቶ አደርና ለከብቶቹ ጭምር ይተርፋል። አሠሪ ስለ ሠራተኛው ንቃት መጨነቁ ስለዚህ አያስወቅሰውም። አከራካሪው ጉዳይ ሽንት ወይም ደም እስከ መጠየቅ የሚደርሰው ሥልጣኑ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በሥራ ቦታ በሕግ የተከለከለ ዕፅ መጠቀምን፣ እንዲሁም አካልን ወይም አእምሮን በሚያዳክም ሁኔታ አልኮል መጠጣትን ይከለክላል። ሕግ ሲያዝ ወይም አሠሪው በበቂ ምክንያት ሲጠይቅ ለጤና ምርመራ እምቢ ማለትንም በዚያው አንቀጽ ሕገወጥ ያደርገዋል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ብቻ ከዚህ ውጪ ነው። እምቢታው በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል።

ክርክሩ ያለው «በቂ ምክንያት» በምትለው ሐረግ ላይ ነው፤ አዋጁ አልተረጎማትም። አደጋ ያደረሰ ወይም በሥራ ላይ ሲንገዳገድ የታየ ሾፌር እንዲመረመር መጠየቅ ምክንያታዊ ነው። የመጋዘን ሠራተኛን ሁሉ አሰልፎ ሽንት መቀበል ግን ከዚህች ሐረግ ጋር መታረቁ ያጠራጥራል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ከፍተሻ ይጠብቃልና። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሰው የሐኪም ምርመራን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም አደገኛ ያልሆነን ምርመራ እምቢ ያለ ሰው፣ በምርመራው ሊረጋገጥ የታሰበውን ነገር ፍርድ ቤት እንደተረጋገጠ ሊቆጥርበት እንደሚችል አንቀጽ 22 ያስጠነቅቃል።

ውጤቱም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። የካናቢስ ምልክት ከሽንት የሚጠፋው ከቀናት፣ አዘውትሮ በሚጠቀም ሰው ላይ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ምልክቱ መገኘቱ ሰውየው በሥራ ሰዓት ደንዝዞ እንደነበረ አያረጋግጥም። በአካባቢው እጅግ የተለመደው ጫትም በኢትዮጵያ የተከለከለ ዕፅ አይደለም፤ ትናንት ማታ የቃመን ሠራተኛ በዚህ አንቀጽ ብቻ ማባረር አሠሪውን ክርክር ላይ ይጥለዋል። መሪ ለያዘ ሰው ግን የትራፊክ ሕጉ የራሱ ጥብቅ መመዘኛ አለው።

የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ይደረግለታል። ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ወይም ለሥራ ባልደረቦች ማውራት ከሕጉ ጋር ያጋጫል።

ምርመራ የተጠየቀ ሠራተኛ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ቢጠይቅ ብልህነት ነው፤ ደረቅ እምቢታ ግን ያስጠቃዋል። አሠሪውም ጥፋቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱን ያጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ። የተሰናበተው ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ክስ ደግሞ ከስንብቱ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።