ማዕተብና ቁጥር፦ ስለ ፋይዳ መታወቂያ ልንጠይቀው የሚገባን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 13 የተነገረው ምልክት ይሆንን?» የሚል።

ጥያቄው በንቀት የሚታለፍ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ይህ ዲጂታል መታወቂያ የ10 ጣቶችን አሻራ፣ የዓይን ብሌንንና የፊትን ምስል መዝግቦ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ባንኮችም አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ይጠይቁታል። በራእዩ ስለ እጅና ስለ ግንባር፣ ስለ መግዛትና መሸጥ የተጻፈውን የሚያውቅ ምእመን ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የራእዩ ምልክት ከስግደት አይለይም፤ ለአውሬው የሚሰግዱ የሚቀበሉት የክህደት ማኅተም ነው። እመቤታችንና አረጋዊ ዮሴፍ በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ሊመዘገቡ ወደ ቤተ ልሔም ወጥተዋል (ሉቃ. 2)፤ መመዝገባቸው ኃጢአት አልሆነባቸውም። የእግዚአብሔር አገልጋዮችም በግንባራቸው ይታተማሉ (ራእ. 7)። እናቶቻችን በግንባራቸው የተነቀሱት መስቀል፣ በአንገታችን ያሰርነው ማዕተብ የማን እንደሆንን ይመሰክራል። ይህን የመዝገብ ቁጥር አይፍቀውም።

ታዲያ የሚያሳስበን ምንድን ነው? ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ በደሉ የቈጣሪው ነበር፤ መቅሠፍቱ ግን በተቈጠረው ሕዝብ ላይ ወረደ (2ኛ ሳሙ. 24)። ስለዚህ ተቈጣሪው ቈጣሪውን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ ኖሯል፤ ፋይዳ ይህን አለመመዝገቡ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ባንክን፣ ስልክንና ሕክምናን በአንድ ቁጥር ማያያዝ የሰውን ውሎና አዳር ለመከታተል መንገድ ይከፍታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም መረጃ ያለ አግባብ እንዳይሰበሰብና እንዳይተላለፍ ነው፤ ፍሬው የሚታወቀው ግን በአፈጻጸሙ ነው።

ሁለተኛው ሥጋት ተረስቶ መቅረት ነው። ዕድሜውን ሙሉ እርፍ የጨበጠ ገበሬ የጣቱ አሻራ ሊደበዝዝ ይችላል። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። አገልግሎት ሁሉ በመረብ ላይ ከተንጠለጠለ፣ መረቡ በጠፋ ቀን ድኻው ከየትኛው ደጅ ይቆማል?

እንግዲህ ምእመናን ያለ ድንጋጤ፣ ነገር ግን በማስተዋል ይመዝገቡ፤ መረጃቸውን ማን እንደሚያየውም ይጠይቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አረጋውያንን ይደግፉ። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል (ዮሐ. 10)፤ ቤተ ክርስቲያንም ልጇን በጸሎት የምታስበው በክርስትና ስሙ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።