ተክሉ የእኛ፣ መድኃኒቱ የማን?

ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር «ካንሰር የሚያድን ቅጠል፣ በቴሌግራም ይዘዙ» የሚል ቪዲዮ ይመጣብኛል። ኮመንቱ ላይ ደግሞ «ነጮቹ ሰርቀውን ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች ለካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ዕፅዋት ሲሰበስቡ፣ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ናሙና ወሰዱ። በ1972 ኩፕቻን የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከዚያው ተክል ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ሜይታንሲን ሴል እንዳይከፋፈል ያግዳል፤ ችግሩ ጤነኛውንም አይምርም። በሰው ላይ ሲሞከር መርዛማነቱ አስቸገረና ተተወ። በኋላ የእሱን ዘመድ የካንሰር ሴል ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አያያዙት፤ በ2013 ካድሲላ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ከናሙናው እስከ መድኃኒቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅጠል ቀቅሎ መጠጣትና መድኃኒት መሥራት ለየቅል ናቸው። ሕክምናውን አቋርጦ ቴሌግራም ላይ የሚያዝ ሰው የሚከስረው ብሩን ብቻ አይደለም፤ ጊዜውንም ነው።

«ሰረቁን» የሚለውስ? ያኔ ዕፅዋት የዓለም የጋራ ሀብት ተደርገው ነበር የሚታዩት። አገሮች በዕፅዋታቸው ላይ መብት እንዳላቸው ያጸናው የ1992ቱ የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ነው። እኛም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ናሙና እንዳይወጣ፣ ጥቅሙም እንዲከፈል ደነገግን።

ጥሩ ነው፤ ግን ገበያው ቀድሞናል። የሜይታንሲን ዘመዶች ዛሬ ከባክቴሪያ ይመረታሉ፤ ቁጥቋጦው አያስፈልግም። የዘረመል መረጃ ደግሞ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ኤርፖርት ላይ አይፈተሽም። በ2025 መጀመሪያ የተቋቋመው የካሊ ፈንድ ለዚህ የታሰበ ነው፦ መረጃውን የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል። ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም።

ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ ነገር ቢኖር ጥሬ ዕቃ ብቻ ያለው ሰው ዋጋ እንደማይተምን ነው፤ ቡናችን ምስክር ነው። ንጥረ ነገሩን ራሱ ለይቶ የሚያወጣና የሚመዘግብ ላብራቶሪ ያለው ግን ለድርድር የሚቀመጠው የሚሸጥ ነገር ይዞ ነው። ኮመንት ላይ ከምንናደድ ጥያቄውን ወደዚያ እናዙረው፦ ለላብራቶሪዎቻችን ስንት በጀት ተያዘ?