ከማንጋፍ የምንልከው ስልክ እና የልጆቻችን ዕድሜ

ባለፈው ዓርብ አንዲት የወሎ እህታችን እዚህ ማንጋፍ ስልኳን ይዛ መጣች። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ሰዎች የሚያመጡልኝ አብዛኛውን ጊዜ የኢቃማ ወይም የሥራ ውል ወረቀት ነው። እርሷ ግን ያሳየችኝ በቲክቶክ የተላከ አጭር የአረብኛ መልእክት ነበር፤ «ቆንጆ ነሽ፣ የዋትስአፕ ቁጥርሽን ላኪልኝ» ይላል። መልእክቱ የደረሰው ደሴ ከአያቷ ጋር ለምትኖረው የ12 ዓመት ልጇ ነው። ልጅቷ ምን እንደሚል ስላልገባት ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከችው። ስልኩን ገዝታ የላከችላት እናቷ ናት።

ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አይቀበልም። ከ16 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ የግል መልእክት መላላክን ይዘጋል። ታዲያ መልእክቱ እንዴት ደረሳት? መልሱን ያገኘነው አብረን የልጅቷን አካውንት ስንመለከት ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። የትውልድ ዓመት ሲጠየቅ በእኛ አቆጣጠር 2006 ብላ ሞላች። መተግበሪያው ቁጥሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አነበበውና የሃያ ዓመት ወጣት አደረጋት።

እናንተም ይህን ልብ በሉ። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን ልጅ በአንድ ጊዜ አዋቂ ያደርገዋል። ዕድሜው ከፍ ሲል ደግሞ ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ጥበቃ ሁሉ ይነሳል። ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉትን አካውንት ሲከፍቱ በራሱ የግል ያደርገዋል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ታዳጊዎችን በተለየ አካውንት ውስጥ ማስገባት ጀምሯል። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት የተሞላው ዕድሜ እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው።

መንግሥታት አሁን ዕድሜን ማጣራት የኩባንያዎቹ ግዴታ እንዲሆን እያደረጉ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋና ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው አድርጋለች። ሕጉን የማያከብር ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊቀጣ ይችላል፤ ወላጅና ልጅ ግን አይቀጡም። በባሕረ ሰላጤው የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም በ2025 የሕፃናት ዲጂታል ደኅንነት ሕግ አውጥታለች። ነገር ግን የአውስትራሊያም ሆነ የኤምሬቶች ሕግ ደሴ ያለችውን ልጅ አያገኛትም። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ በኮምፒውተር ሥርዓት ለወሲብ ማባበልን በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ አስፈላጊ ሕግ ነው፤ የሚደርሰው ግን ጥፋቱ ከተሞከረ በኋላ ነው።

«ታዲያ መታወቂያ ይጠየቁ» የሚሉ አሉ። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የዛሬዎቹ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ከዚያ በፊት ስለተወለዱ ብዙዎቹ የልደት የምስክር ወረቀት የላቸውም። ወረቀት ቢኖርም ደግሞ ዕድሜ በወረቀት ላይ ሲጨመር ብዙዎቻችን አይተናል። በፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋ ከፍ ብሎ ወደ አረብ አገር የመጣችን ልጅ የማያውቅ ማን አለ?

እዚሁ ኩዌት የሆነውንም እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የቢቢሲ አረብኛ ዘጋቢዎች ማንነታቸውን ደብቀው ባደረጉት ምርመራ የቤት ሠራተኞች በኢንስታግራምና በሌሎች መተግበሪያዎች እንደ ዕቃ ለሽያጭ ሲቀርቡ አገኙ። ከእነርሱ አንዷ የ16 ዓመት የጊኒ ልጅ ነበረች። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ያለች ሠራተኛ እንዳትቀጠር ይከለክላል። ሕጉ ነበር፤ ልጅቷም በስልክ ላይ ለሽያጭ ቀርባ ነበር። ጉዳዩ ሲጋለጥ የኩዌት ባለሥልጣናት የማስታወቂያዎቹን ባለቤቶች ጠሩ፤ ልጅቷም ወደ አገሯ ተመለሰች። ሕግ ሥራውን የጀመረው ሰው ካየ በኋላ ነው።

በሩቅ ሆነን እናሳድጋለን፤ ስለዚህ ማየትም የምንችለው በስልክ ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ካላችሁ በኋላ «አካውንቱን ስትከፍቺ የትኛውን ዓመት ሞላሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ አካውንቱ ይጥፋ። ከ13 እስከ 17 ከሆነ የተሳሳተው ተሰርዞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በትክክለኛው የልደት ቀን እንደገና ይከፈት። ከዚያ የቲክቶክን የቤተሰብ ማጣመሪያ ተጠቅማችሁ የእናንተን አካውንት ከልጁ ጋር አገናኙ። የመጋበዣ ማስፈንጠሪያውን በመልእክት መላክ ስለሚቻል ማንጋፍ ሆናችሁም የአጠቃቀም ሰዓቱን መወሰን ትችላላችሁ። አያትየውም ስልኩ ሌሊት ከልጁ ጋር እንዳያድር ይነገራቸው።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ፤ ልጁን አትቆጡ። እህታችን መልእክቱን እንደተረጎምኩላት በንዴት ልትደውል ነበር። ልጅቷ ግን ለማያውቁት ሰው ቁጥሯን አልሰጠችም፤ ያልገባትን ለእናቷ ላከች። ዛሬ ከተቆጣናት ቀጣዩን መልእክት አታሳየንም። እህታችን ትንሽ ቆይታ፣ ድምፅዋን አረጋግታ ደወለች። መጀመሪያ ያለቻት «ስላሳየሽኝ አመሰግናለሁ ልጄ» ነበር። አካውንቱንም በዚያው ስልክ ጥሪ ላይ አጠፉት።