መለኪያው ተገኘ፣ ስትሪፑስ?

እ.ኤ.አ. በ1969 ሪቻርድ በርንስታይን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ የደም ስኳር መለኪያ ማስታወቂያ አየ። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር አለበት፤ ሰውነቱም መጎዳት ጀምሯል። መሣሪያው ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ዋጋው 650 ዶላር ነው። የተሠራው ለሆስፒታል ነበር፤ ሌሊት ላቦራቶሪ ሲዘጋ ራሱን ስቶ የመጣው ሰው ሰክሮ ይሁን ስኳር ጥሎት ለመለየት። ለበሽተኛ አይሸጥም። ደግነቱ ሚስቱ ሐኪም ነበረችና በእሷ ስም ተገዛ።

ከዚያ ወዲያ ጣቱን በቀን ደጋግሞ እየወጋ የትኛው ምግብ ስኳሩን እንደሚሰቅልበት፣ ስንት ኢንሱሊን እንደሚያወርድለት ራሱ ደረሰበት። ግኝቱን ጽፎ ቢልክ የሕክምና መጽሔቶች አልተቀበሉትም። እልኸኛ ሰው ነው፤ በ45 ዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሐኪም ሆነ። በ2025 ሲያርፍ 90 ዓመት ደርሶ ነበር።

ዛሬ ክንድ ላይ ተለጥፎ 14 ቀን የሚቆይ፣ ንባቡን ወደ ስልክ የሚልክ፣ ሌሊት ስኳር ሲወርድ ጮኾ የሚቀሰቅስ ሴንሰር አለ። አቅሙ ላለው እሰየው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግን የብዙው ሰው መሣሪያ አሁንም የጣት መለኪያው ነው፤ የእሱም ጣጣ ብዙ ነው። ከዋሽንግተን የመጣች ልጅ ለእናቷ ዘመናዊ መለኪያ ይዛ ትገባለች። የመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤቱ ሳይቀር ጣቱን እያስወጋ ይለካል። ደሙን ተቀብሎ መለኪያው ውስጥ የሚገባው ስትሪፕ ሲያልቅ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ይመጣል። «የዚህ የለንም፣ የሌላ ነው ያለው» ይባላል፤ የአንዱ ኩባንያ ስትሪፕ ደግሞ በሌላው መለኪያ አይሠራም። መሣሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ እማማም «ዛሬ አፌ አልደረቀም፣ ደህና ነኝ» እያሉ በግምት መርፌያቸውን ይወጋሉ።

ስለዚህ ከውጭ መለኪያ ሊልክ ያሰበ ሰው አስቀድሞ እዚህ ደውሎ በሰፈሩ ፋርማሲ የትኛው ስትሪፕ እንደማይጠፋ ቢያስጠይቅ ይሻላል፤ መናኛ የሚመስለው መለኪያ ከውዱ ሊበልጥ ይችላል። መለኪያ በእርዳታ የሚያድሉ ድርጅቶችም ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት የከርሞውን ስትሪፕ ማን እንደሚያመጣ ይንገሩን። በቀን አራት ጊዜ ለሚለካ ሰው 50 ስትሪፕ ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ያውም ደሙ አንሶ የሚበላሸው ሳይቆጠር።