ትንሹ ልጅ ከፊት ይሂድ



ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናወሳው ስለ ሶላታቸው፣ ስለ ቁርኣን ትምህርታቸውና ስለ ሥነ ምግባራቸው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጨዋታቸው እንነጋገር። ጨዋታው ብስክሌት፣ ቦታው ደግሞ ሁርሶ ነው።

ድሬዳዋ ለብስክሌት የምትመች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፤ የከዚራ ጎዳናዎችም ቀጥ ያሉና ዛፍ ያጠላባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ባጃጁና መኪናው በበዛበት በዚህ ጊዜ አንድ አባት የስድስት ዓመት ልጁን ወደ አስፋልት ለመልቀቅ ቢፈራ አይፈረድበትም። ችግሩ፣ ከአስፋልቱ የተከለከለው ልጅ ውሎው ስልክ ላይ ማፍጠጥ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያደክም እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል። ከልጆቻችን ስንቶቹ ይህን ያገኛሉ?

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ወደ ኤረር በሚወስደው አቅጣጫ ትገኛለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል በዚሁ በሁርሶ በኩል ነበር ያለፈው። ባቡር የወደደውን መሬት የሕፃን እግርም ይወደዋል፤ ሁለቱም ዳገት አይሆንላቸውምና። እርግጥ ከከተማው እስከዚያ ፔዳል መምታት ለሕፃናት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ብስክሌቶቹን በመኪና ጭኖ መሄድ፣ ከዚያም ከዋናው መንገድና ከማሠልጠኛው ርቆ ግመልና ፍየል የሚሄድበትን ጠፍጣፋ የእግር መንገድ መያዝ ይሻላል። ያካባቢውን ሰው ሰላም ብሎ መንገዱን መጠየቅም አይረሳ።

እኔና ቤተሰቤ መጀመሪያ የሄድን ቀን የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። እኔ አርአያ ልሁን ብዬ ከፊት ሆንኩ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ተከተለኝ። የስድስት ዓመቷ ታናሽ እህቱ ከኋላ ነበረች። እናታቸው ደግሞ ጨቅላውን አዝላ በእግሯ ትመጣለች። «በርቱ! ተከተሉኝ!» እያልኩ ስገሰግስ ቆየሁና ዘወር ስል ትንሿ የለችም። ተመልሼ ስደርስ ብስክሌቷ አሸዋ ውስጥ ተጋድሟል፤ ጉልበቷ ተልጧል። በእግሯ የመጣችው እናቷ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ቁስሉን በውሃ ታጥብላታለች። ልጅቱ አላለቀሰችም። «አባ፣ ጠራሁህ እኮ፤ የማየው ጀርባህን ብቻ ነበር» አለችኝ።

ይህ አነጋገር ቤት ከገባን በኋላም አልለቀቀኝም። ከንጋት እስከ ምሽት ለልጆቼ ነው የምሮጠው እላለሁ። ልጆቼ ግን የሚያውቁት ጀርባዬን ይሆን? በሥራው ቀን ጀርባ፣ በመዝናኛውም ቀን ጀርባ!

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ግን ሌላ ያስተምረናል። ነሳኢ እንደዘገቡት በሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ ቢወጣ ልጁን ማቻኮል ጠልተው ሱጁዱን አስረዘሙ። ሰዎችን እያሰገዱ የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ደግሞ ለእናቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑሥማን ኢብኑ አቢል ዓስን (ረ.ዐ.) ኢማም አድርገው ሲሾሟቸውም በሰጋጆቹ መካከል ያለውን ደካማ ግምት ውስጥ እንዲያስገቡ አዘዋቸዋል፤ ይህን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እንግዲህ በሶላት እንኳ የደካማው አቅም ከታየ፣ በአንድ ማለዳ ሽርሽር ላይ የአባት ፍጥነት መለኪያ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕጉ አንድ ነው፦ ትንሹ ልጅ ከፊት ይሄዳል። ወላጅ ከልጁ በስተኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብሎ ይከተላል። በአገራችን ተሽከርካሪ የሚሄደው ቀኙን ይዞ ስለሆነ ከኋላ የሚመጣ ነገር ቢኖር ወላጁ ለልጁ ግርዶሽ ይሆነዋል። ትንሹ ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ታላቅ ወንድም «ቀርፋፋ ናት!» ብሎ ማጉረምረሙ አይቀርም፤ የእኔም ልጅ አጉረምርሟል። መፍትሔው ኃላፊነት መስጠት ነው። «እስከዚያች ግራር ሂድ፤ መንገዱ ላይ አሸዋ ወይም እሾህ ካለ አይተህ ተመልሰህ ንገረን» ስለው ጉልበቱንም ጨረሰ፣ ለእህቱም ጠቀማት። ከመንገድ ላይ የሚያውክ ነገር ማንሣት ሰደቃ መሆኑን የሚማረው እንዲህ ነው።

አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። የብስክሌት ማሰሪያው ፍሬኑ ነው። ከቤት ሳትወጡ ፍሬኑን፣ ካቴናውንና ጎማውን ፈትሹ። መቀመጫውን የልጁ ሁለት እግሮች መሬት እስኪነኩ ዝቅ አድርጉት። ገና ያልለመደ ልጅ ከሆነ ፔዳሎቹን ፈትታችሁ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ሚዛን መጠበቅ ይማር፤ ፔዳሉ በኋላ ይደርሳል። ሄልሜት ካለ በደንብ ይታሰር። ያካባቢው ቁጥቋጦ እሾሃም ስለሆነ የጎማ መንፊያና መለጠፊያ ያዙ፤ በዚያ ሜዳ ጎሚስታ ፍለጋ መንከራተት ያስቸግራል።

ሴት ልጅስ? የሚሉ ይኖራሉ። በነቢዩ ዘመን ሴቶች ግመል ይጋልቡ ነበር። እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል ከሚጋልቡ ሴቶች መካከል የቁረይሽን ደጋግ ሴቶች ለልጆቻቸው ባላቸው ርኅራኄ ማመስገናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ትንሿ ልጃችን ከአባቷና ከእናቷ ጋር ብትጋልብ ታዲያ ምኑ ያስደነግጣል? ረጅም ቀሚስ ካቴና ውስጥ ገብቶ እንዳይጥላት ብቻ ከሥር ሰፊ ሱሪ ትልበስ፣ የቀሚሱም ጫፍ ይሰብሰብ።

ስለ ጊዜው፦ የድሬዳዋ አካባቢ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሥታችሁ ሳይሞቅ፣ ቢዘገይ እስከ ሦስት ሰዓት ተመለሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲሆን ዱዓእ አድርገዋልና። ከዓስር በኋላ የምትሄዱ ከሆነ መግሪብ ሳይደርስ ቤት ግቡ፤ ሲመሽ ሕፃናትን መሰብሰብም የታዘዝነው ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ውሃ፣ ለመክሰስ ቴምርና ሳምቡሳ፣ ለወላጆች አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይበቃል። ስትነሡ ከሱረቱ ዙኽሩፍ የተወሰደውን የመጓጓዣ ዱዓእ ከልጆቹ ጋር አብራችሁ በሉ፤ ሳያውቁት ይሐፍዙታል።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለን። ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ለልጆች መጫወቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አይታመንም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ በድሬዳዋ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን መውሰዱን የማያስታውስ የከተማችን ሰው የለም። ዝናቡ ደጋው ላይ ጥሎ ጎርፉ ቆላው ላይ ይደርሳል፤ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዝናብ ወራት፣ ወይም ከደጋው በኩል ደመና ሲታይ፣ ወደ ወንዝ አሸዋ አትውረዱ። ዕረፍታችሁም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን።

ሁርሶ የራቃችሁ ቤተሰቦች ቅር አይበላችሁ። ለጥ ያለ ሜዳና መኪና የማይገባበት አንድ ስፍራ በየከተማው ይገኛል። በአዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ለተሽከርካሪ በተዘጉ ቀናት ሕፃናት ዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ብስክሌት ሲነዱ ታይተዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሁርሶ ስንሄድ ትንሿ ከፊት ነበረች። ሁለት ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀችብን። የግመል ግልገል ለማየት ቆመች፤ ጠጠር ለመልቀም ቆመች፤ እናቷ እስክትደርስም ቆመች። በየመካከሉ ዘወር እያለች «አባ፣ አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ ሁለታችንም ግን ሌላ አላስፈለገንም።

ወንድሞችና እህቶች! ልጆቻችን ፈጥነው ያድጋሉ። አንድ ቀን ከፊታችን ርቀው ይሄዳሉ፤ ዘወር ብለው «አለህ?» የሚሉበት ዘመን አጭር ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ያንን ዘመን ከማያባክኑት ያድርገን፤ ልጆቻችንንም የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።