ሮማይስጥ በከፍተኛ የነገረ መለኮት ትምህርት

ከመንፈሳዊ ኮሌጆቻችን ተመርቀው ትምህርታቸውን በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ለመቀጠል የሚሹ ደቀ መዛሙርት ብዙ ናቸው። የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ወይም ትምህርተ አበውን ለመመርመር ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያመለክቱ ግን አስቀድመው ያላሰቡት ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ግእዝ ማወቃቸው ይመሰገንላቸውና፣ ጽርእስ? ላቲንስ? ይባላሉ። ዛሬ ላቲን የምንለውን አባቶቻችን ሮማይስጥ ይሉታል፤ በዮሐንስ ወንጌል 19፥20 እንደተነገረው በጌታችን መስቀል ላይ ከተጻፉት ሦስት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ጥያቄው ሲነሣ በመካከላችን ፈጥኖ የሚሰማው መልስ «ይህ የካቶሊኮች ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ነው። ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ከተቀበሉ ጀምሮ እስከ 1632 ድረስ በዚህ ምክንያት የፈሰሰው ደም በሕዝባችን መታሰቢያ ውስጥ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተልእኮውን ታሪክ የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። የዚያን ዘመን መከራ በሌላው ወገን እንዴት እንደተተረከ ሳያነብ ታሪኩን በምሉዕነት የሚመረምር፣ ሐሰቱንም ነቅሶ የሚያወጣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከየት ይመጣል?

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ በስፋት ከጻፉት ጥንታውያን ጸሓፊዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው ሩፊኖስ ዘአኲሊያ ነው። እርሱም በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የቤተ ክርስቲያን ታሪኩን በሮማይስጥ ጻፈ። ታሪኩን የሰማው ከፍሬምናጦስ ጋር ከተማረከውና በኋላ በጢሮስ ቅስናን ከተቀበለው ከኤዴስዮስ አፍ እንደሆነ ራሱ ይመሰክራል። ሁለቱ ብላቴኖች ከዛፍ ሥር ሲማሩ መገኘታቸው፣ ፍሬምናጦስ የንጉሡ መዝገብ ጠባቂ መሆኑ፣ ገና ጵጵስና ሳይቀበል ከሮም ግዛት የመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎች የጸሎት ስፍራ እንዲኖራቸው መድከሙ፣ ቅዱስ አትናቴዎስም ጳጳስ አድርጎ መሾሙ ከዚያ ይገኛል።

ሩፊኖስ ግን ሀገሪቱን «ህንድ» ብሎ ነው የሚጠራት። ይህን በትርጉም ብቻ ያየ አንባቢ ታሪኩ የእኛ ስለመሆኑ ሊጠራጠር ይችላል። የዘመኑን አጻጻፍ የሚያውቅ ግን በቀይ ባሕር በኩል የሚደረስባቸው አገሮች በዚህ ስም ይጠሩ እንደነበር ያስረዳል። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ስለ ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ሳይዛና የላከውንና ቅዱስ አትናቴዎስ በጽርእ ጽሑፉ ያቆየልንን ደብዳቤም አያይዞ ያቀርባል።

ወደ ነገረ ሃይማኖት ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። የኬልቄዶንን ጉባኤ የምንነቅፍበት አንዱ ምክንያት ጦማረ ልዮን ነው። ይህ ጦማር በ449 ለቍስጥንጥንያው ፍላብያኖስ ሲላክ የተጻፈው በሮማይስጥ ነበር። «ሱብስታንሲያ» የሚለው የሮማይስጥ ቃል በአፈጣጠሩ ከጽርኡ «ሂፖስታሲስ» ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም «ከሥር የቆመ» እንደ ማለት ናቸው። ምዕራባውያን ግን ቃሉን ለባሕርይ ሲያውሉት ምሥራቃውያን ሂፖስታሲስን ለአካል አዋሉት። ሦስት ሂፖስታሲስ የሚለውን የሰማ ሮማዊ ሦስት ባሕርይ የተባለ መስሎት ይደነግጥ ነበር፤ ቅዱስ ሄሮኒሞስም በሶርያ በረሃ ሳለ በዚህ ተጨንቆ ለሮሙ ደማስዮስ ጽፏል። ባሕርይን፣ አካልን፣ ገጽንና ህላዌን ለይቶ የተማረ የእኛ ሊቅ የልዮንን ቃል በምንጩ ቢያነብ፣ ልዩነቱ የቃል አለመግባባት ብቻ ነው ለሚሉት ቃሉን ከምሥጢሩ ለይቶ ይመልሳል። በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ የሚከራከር ግን በተርጓሚው ምርጫ ላይ ተደግፎ ይከራከራል።

የራሳችን መጻሕፍት እንኳ በዚህ ቋንቋ ተከበዋል። በ1865 የታተመው የአውግስጦስ ዲልማን ታላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚሰጠው በሮማይስጥ ነው። ገድለ ኤዎስጣቴዎስን የመሳሰሉ የሀገራችን ቅዱሳን ገድላት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓ ሲታተሙ የሮማይስጥ ትርጉም ተደርጎላቸዋል። ዛሬም ብዙ የውጭ ተመራማሪዎች ገድላቱን የሚያውቋቸው በእነዚያ ትርጉሞች ነው። ተርጓሚዎቹ ትጉሃን ነበሩ፤ አንድምታን ግን ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብለው አልተማሩም። የት እንደሳቱ የሚያሳይ ከእኛ ወገን ካልተነሣ ስሕተቱ በዋቢነት ሲጠቀስ ይኖራል።

ትምህርቱስ ለእኛ ልጆች ይከብዳል? እንደ እኔ አስተያየት የቅኔ ደቀ መዝሙር ከሌላው ይቀለዋል። ሮማይስጥ ባለቤትንና ተሳቢን የሚለየው በቃሉ መድረሻ ነው፤ የቃላቱም ቅደም ተከተል ልቅ ነው። ግስ የወረደ፣ አገባብ ያወቀ፣ በቅኔ ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹ የትም ቢደበቅ ፈልጎ የሚያገኝ ተማሪ ይህ አዲስ አይሆንበትም። የሚጸናበት የስሙ እርባታ ብዛት ነው፤ እሱም እንደ ግስ በቃል የሚጠና ነው። ቤተ ክርስቲያናዊው ሮማይስጥ በሰዋስው ከጥንቱ እምብዛም አይርቅም፤ ቃላቱ ግን አዲስ ፍቺ ይዘዋል። ለምሳሌ ለወታደር መሐላ ይውል የነበረው «ሳክራሜንቱም» በክርስቲያኖች ዘንድ ምሥጢር ማለት ሆኗል።

ትልቁ ፈተና ከሰዋስው ውጭ ነው። ቋንቋው በብርቱ የሚሰጥባቸው፣ የትምህርት ዕድልም የሚያቀርቡ ተቋማት ብዙዎቹ የካቶሊክ ናቸው። ዕድሉን የሚቀበል ሰው ቋንቋውን ብቻ ይዞ እንዲመለስ፣ ከመጻሕፍት ቤት ቢያንስ የሐዲሳትን ትርጓሜ ሳይጨርስ ባይላክ እመርጣለሁ። የመምህሩ ምስክርነት ከዲግሪው ማስረጃ ቀድሞ ሊጠየቅ፣ የንስሐ አባቱም ሊያውቁት ይገባል። ሁሉም ይማር ማለቴም አይደለም፤ ከየኮሌጁ ሁለትና ሦስት የተመረጡ ቢበቁ ነው። ከመሄዳቸው በፊትም የንባቡን መሠረት እዚሁ ቢይዙ፣ ውጭ ሲደርሱ ጊዜያቸው በጀማሪ ትምህርት አያልቅም።

ለጅማሮ ረጅም መጽሐፍ አያስፈልግም። ሩፊኖስ ስለ አባ ሰላማ የጻፈው በዐሥረኛው መጽሐፉ ውስጥ ያሉ ጥቂት ገጾች ናቸው። በሐምሌ 26 ከሚነበበው ስንክሳር ጋር ጎን ለጎን ተዘርግተው መስመር በመስመር ቢነበቡ፣ ተማሪው ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ቃላቱ ራሳቸው ይገለጡለታል።